ከቤት ውጭ የሚወጠር የአጭር ሞገድ ራዲዮ አንቴና

ለደባርቅና ለዳባት ወረዳዎች ግንባር ቀደም አርሶ አደሮች በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ገለጻ



በዚህ ሥልጠና እስካሁን ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም፣ በመስመር ስለ መዝራት፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ ድንች ዘር አያያዝ ተነጋግረናል። አሁን የማነሣው ጉዳይ ከሞፈርና ከቀንበር የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ጉዳዩ ራዲዮ ነው። በተለይም የራዲዮን ድምፅ ጥርት አድርጎ የሚያመጣ፣ በግማሽ ቀን ሥራ በገዛ እጃችሁ የምትወጥሩት ሽቦ ነው።

ወደ ግብርና ሥልጠና ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002/03 የምርት ዘመን በአገራችን ስንዴ አምራች አካባቢዎች የተነሣውን የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ በሽታውን መቋቋም አልቻለም። ዋግ በነፋስ ይመጣል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ካገኘ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳ ለማሳ ይዛመታል። ምልክቱ እንደታየ የተረጨ መድኃኒት ሰብል ያተርፋል። ቅጠሉ ሁሉ ከተሸፈነ በኋላ የተረጨው ግን የጠፋ ገንዘብ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎንና ራያን የጎዳውን የበረሃ አንበጣም አስቡት። የአንበጣ መንጋ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ወሬው በእግረኛ ወይም በገበያ ቀን ብቻ የሚደርሰን ከሆነ መንጋው ይቀድመናል።

ስልክ አለ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ 8028 ደውሎ የግብርና ምክር መስማት ጥሩ አገልግሎት ነው፣ ኔትወርክ ባለበት ተጠቀሙበት። ነገር ግን ሊማሊሞን ቁልቁል ስንወርድ፣ ወደ ጃናሞራ ስንሻገር ወይም ከወቅን ወጣ ብለን ገደል ሥር ወዳሉት መንደሮች ስንገባ ኔትወርኩ ምን እንደሚሆን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኔትወርክና መብራት አንድ ላይ ተቋርጠው የከረሙባቸውንም ወራት አልረሳናቸውም። በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ የነበረው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ራዲዮ ብቻ ነው።

ሽቦ ወጥሮ ራዲዮ መስማት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን ብስራተ ወንጌልን፣ በ1957 ዓ.ም. የአማርኛ ሥርጭት የጀመረውን የጀርመን ድምፅ ራዲዮ አባቶቻችን የሚሰሙት በአጭር ሞገድ ነበር። ከዚያ ኤፍ ኤም መጣ፣ ድምፁም ጥርት ያለ ስለሆነ ሰዉ ወደዚያው ዞረ፤ የሽቦውም ነገር ተረሳ። ለከተማ ሰው ጉዳት የለውም። ለእኛ ግን አለው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ባትሪ መብራት ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ተራራ ሲያጋጥመው ይቆማል። ጎንደር ላይ ያለ ኤፍ ኤም ደባርቅ ከተማ ላይ በደካማው ሊሰማ ይችል ይሆናል። ገደሉን ወርዶ ዛሪማ ድረስ ላለ ሰው ግን፣ ከፍታው የደባርቅን እኩሌታ ስለማይሞላና ከኋላው የተራራ ግድግዳ ስለቆመበት፣ እንዲደርሰው መጠበቅ ከንቱ ነው። የአጭር ሞገድ ጠባይ ሌላ ነው። ከማሠራጫው ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከደመናም ከአውሮፕላንም በላይ፣ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው የአየር ንብርብር ጋር ሲገናኝ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ኳስ ጣራ መትታ እንደምትመለሰው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደባርቅ በቀጥታ መስመር ሲለካ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የተላከ ሞገድ በመካከል መንገድ ላይ ከላይ ታጥፎ ወደ እኛ የሚወርደው እንደ ረፋድ ፀሐይ በአናት በኩል ዘቅዘቅ ብሎ ነው። ፀሐይ ረፋድ ላይ ገደል ሥር ያለ ማሳ ላይ እንደምትደርስ ሁሉ ሞገዱም ይደርሳል። ተራራው አይከለክለውም።

የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የገዛ ቤታችን። የቆርቆሮ ጣራና የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገድን ያግዳል። የሣር ክዳን አያግድም፤ ነገር ግን ገንዘብ ያገኘን ሁሉ መጀመሪያ የምንለውጠው ጣራውን ነው። ቤታችን ተሻሻለ፣ ራዲዮናችን ግን ደከመ ማለት ነው። ሊማሊሞ ሥር ባለ አንድ ቀበሌ የምናውቃቸው እናት ራዲዮናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቆጥ ላይ አስቀምጠውት አገኘናቸው። «ምን ሆነብዎ እማማ?» ስንላቸው «ሞቷል ልጄ፤ የቆርቆሮው ቤት ከተሠራ ወዲህ ትንፋሽ የለውም» አሉን። አዲስ ባትሪ ድንጋይ ከተንለት ወደ ደጅ ይዘነው ብንወጣ መናገር ጀመረ። ችግሩ ከቤቱ እንጂ ከራዲዮው አልነበረም።

እናንተም ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ይህንኑ ፈትኑ። አዲስ ባትሪ ድንጋይ ክተቱ፤ የደከመ ባትሪ ጣቢያ የጠፋ ያስመስላል፣ ብዙ ሰውም በዚህ ተሞኝቶ ራዲዮ ይለውጣል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባትሪ ለአንድ ምሽት ነፍስ ቢዘራ እንጂ ለፈተና አይሆንም። ከዚያ የሞገድ መምረጫውን ወደ አጭር ሞገድ አዙሩ፤ በብዙ ራዲዮ ላይ ኤስ ደብልዩ የሚለው ጽሑፍ ነው፣ አንዳንዱ አንድና ሁለት ብሎ ይከፍለዋል። ኤስ ደብልዩ የሌለው ራዲዮም ገበያ ላይ ስላለ ስትገዙ ጠይቁ። ጣቢያ ፈልጉና ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አዳምጡ፤ ሳትነኩት ይዛችሁት ወደ ደጅ፣ ከቤቱ አሥር እርምጃ ራቅ በሉ። ደጅ ላይ ከጠራ ሽቦው ይጠቅማችኋል። ደጅም ቤትም አንድ ዓይነት ዝም ካለ ግን ወይ ሰዓቱ አይደለም፣ ወይ ራዲዮው ራሱ ተበላሽቷል፤ ሽቦ አያድነውም።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው ዋናው ዕቃ 15 ሜትር፣ በክንድ 30 ክንድ ገደማ የሚሆን ሽቦ ነው። በላዩ ላይ ወደ ቤት የሚገባ አምስትና ስድስት ሜትር ጨምሩበት። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚገዛው ፕላስቲክ የለበሰ ነጠላ የመዳብ ሽቦ ከሁሉም ይሻላል፤ ዝናብና ጭስ ቶሎ አይጎዳውም። አንድ ሙሉ ጥቅል ለአራት ቤት በደንብ ስለሚበቃ በልማት ቡድናችሁ አዋጥታችሁ ብትገዙ ይረክሳል። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመጠምጠሚያ ሽቦም ይሆናል፤ ግን ላዩ ላይ ቀለም የመሰለ ልባስ ስላለው የሚገናኝበትን ጫፍ በቢላዋ መፋቅ አትርሱ። የአጥር ሽቦ ለጊዜው ይሠራል፣ ሲዝግ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፤ ክብደቱም ምሰሶ ይጎትታል። እኔ አልመርጠውም።

ስለ ርዝመቱ አንዳንዱ ሰው ብዙ ይጨነቃል። ጣቢያው የሚሰማበትን ቁጥር ወስዳችሁ 300 ሺህን ለእሱ ብታካፍሉት የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይወጣል። የአማራ ራዲዮ በአጭር ሞገድ የሚታወቅበት ቁጥር 6090 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ 300 ሺህ ለ6090 ሲካፈል 49 ሜትር ገደማ ይሆናል። የዚህ ሩብ 12 ሜትር ነው። 15 ሜትር ያልኩት ከዚህ ብዙም ስለማይርቅና ከአንድ የገበሬ ግቢ ስለማያልፍ ነው። ለመስማት ብቻ ከሆነ አንድ ሜትር ቢያጥር ወይም ቢረዝም የሚጎድል ነገር የለም። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ ግን 50 ሜትር አትወጥሩ። ትንንሾቹ ራዲዮኖች ብዙ ጉልበት ሲገባባቸው ይታፈናሉ፤ ሁለት ሦስት ጣቢያ አንድ ላይ ይደበላለቅና እንደ ሠርግ ቤት ይሆናል።

ሽቦው በሁለት ጫፍ ይንጠለጠላል። አንዱ ጫፍ ከቤቱ ጥግ ላይ ካቆማችሁት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ሌላው ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ወይም ከሌላ ምሰሶ። ከፍታው የሦስት ሰው ቁመት ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ሞገዱ ከላይ ስለሚመጣልን በጣም ማስረዘም አያስፈልግም። ከቆርቆሮ ጣራው ግን ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ጣራው ላይ የተጋደመ ሽቦ ምንም አይጠቅምም። የሚቻል ከሆነ ሽቦው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይወጠር፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ከእኛ በስተደቡብ ስለሆኑ ጎኑን ይሰጣቸዋል። ግቢው ካልተመቸ በየትም አቅጣጫ ይሁን፤ በዚህ አጭር ርዝመት ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ሽቦው እንጨቱን በቀጥታ መንካት የለበትም። እርጥብ እንጨት የሽቦውን ጉልበት ወደ መሬት ያፈሰዋል። በመካከል የሚለይ ነገር አስገቡ። ለዚህ ከሃይላንድ ጠርሙስ አፍ የተቆረጠ ቀለበት ወይም የካላማዳሪ ቁራጭ ይበቃል። የመኪና ጎማው ራሱ ግን ውስጡ ሽቦ ስላለው አይሆንም። ሽቦውን በቀለበቱ አንድ በኩል እሰሩ፣ በሌላው በኩል የናይለን ገመድ እሰሩና ገመዱን ከምሰሶው ጋር አያይዙ። በዛፍ በኩል ያለውን ጫፍ ግን አጥብቃችሁ አትሰሩት። ዛፍ ይወዛወዛል፤ የእኛን አገር የጥርና የየካቲት ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ገመዱን በቅርንጫፉ ባላ ላይ አሳልፉና ጫፉ ላይ ግማሽ ጡብ የሚያህል ድንጋይ አንጠልጥሉ። ዛፉ ሲሄድ ድንጋዩ ይወጣል፣ ሲመለስ ይወርዳል፤ ሽቦው አይበጠስም። ድንጋዩ ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ በላይ አይሁን።

ከቤቱ በኩል ካለው ጫፍ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ይወርዳል። ከዋናው ሽቦ ጋር ሳይቆረጥ የቀጠለ ቢሆን ይመረጣል። ከተቀጠለ ግን ሁለቱን ጫፎች ልጣችሁ፣ አፍታትታችሁ ጠምዝዙና በናስትሮ ጠቅልሉ። በመስኮቱ እንጨት በኩል አስገቡት፣ ቆርቆሮ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከመስኮቱ ውጭ ሽቦው ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ተመልሶ ወደ ላይ ይግባ። ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ ሲመጣ ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ቤት አይገባም። ይህችን ትንሽ ነገር የዘለለ ሰው ክረምት ላይ ግድግዳው ሲረጥብ ያስታውሳታል።

መጨረሻው ከራዲዮው ጋር ማገናኘት ነው። የሽቦውን ጫፍ አራት ጣት ያህል ልጡትና በራዲዮው የብረት አንቴና ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥሙት። ሌላ ቀዳዳ መፈለግም ራዲዮውን መክፈትም አያስፈልግም። ጣቢያዎች የሚደበላለቁ ከሆነ ያልተላጠውን፣ ፕላስቲክ ያለበሰውን ክፍል ጠምጥሙት፤ ሽቦ ለሽቦ ሳይነካካ ጉልበቱ በልኩ ይገባል። አሁንም ከበዛ የጠመጠማችሁትን ቀንሱ። ይህ በጆሮ የሚለካ ሥራ ነው፤ እንደ ወጥ ጨው እየቀመሱ ማስተካከል ነው።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ሰማዩ ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም። ከሩቅ አገር የሚመጣ ጣቢያ ማታና ንጋት ላይ በዝቅተኛ ቁጥሮች፣ ከ5900 እስከ 7500 ኪሎ ኸርዝ ባለው ውስጥ ይበረታል። ቀን ላይ ፀሐይ የታችኛውን የአየር ንብርብር ታነቃውና ዝቅተኛው ሞገድ እዚያው ይዋጣል፤ ስለዚህ ቀን ከ9400 በላይ ያሉትን ፈልጉ። የአገር ውስጥ ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ ቀንም በዝቅተኛው ቁጥር ሊሰማ ይችላል። የውጭ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ቁጥራቸውን ይለዋውጣሉ። የለመዳችሁት ጣቢያ በእነዚህ ሳምንታት ድንገት ከጠፋ ሽቦውን አውርዳችሁ አትመርምሩ፤ ከዚያው አካባቢ ወደ ላይና ወደ ታች ፈልጉ። የሚሰማበትን ቁጥርና ሰዓት ከራዲዮው ጀርባ ላይ በወረቀት ለጥፉ። ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ቢልም ሰማዩ ነው፤ የእናንተ ሥራ ጉድለት የለበትም።

ሌላ ጠላት አለ፤ መብራት ወይም ሶላር ከገባ ወዲህ የመጣ ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ አንዳንድ አምፖልና የሶላር መቆጣጠሪያ አጭር ሞገድ ላይ የሚንጫጫ ድምፅ ያሰማሉ። አንድ ምሽት ሁሉንም አጥፍታችሁ አንድ በአንድ እያበራችሁ አዳምጡ፤ ጥፋተኛው ራሱን ይናገራል። ወደ ቤት የሚገባውን ሽቦ ከእሱ አርቁት፣ ወይም በምትሰሙበት ሰዓት እሱን ንቀሉት።

ከዚህ በኋላ የምናገረውን ግን ከሁሉም በላይ በጥሞና እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ፤ ስለ መብረቅ ነው።

የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። መብረቅ ሰውና ከብት የጣለበትን ቦታ ጠቁሙ ብላችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ሁለት ታሳያላችሁ። የወጠርነው ሽቦ ቤታችን ውስጥ የሚገባ መንገድ ነው። መብረቅ በቀጥታ ባይመታው እንኳ አጠገብ የወደቀ መብረቅ ሽቦው ላይ ኃይል ሊጭን፣ ራዲዮውን ሊያቃጥልና የያዘውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ሽቦው የሁልጊዜ ቦታው ከራዲዮው ተለይቶ፣ ከመስኮት ውጭ ነው። የምታገናኙት ስትሰሙ ብቻ፤ ሰምታችሁ ስትጨርሱ አላቅቃችሁ ወደ ውጭ ታወጡታላችሁ። ደመና ሲመጣ እናላቅቀዋለን ብላችሁ አትዘግዩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ፣ በበልግ ወራትም ድንገት የሚነሣው ደመና ማሳ ላይ ሳላችሁ ይቀድማችኋል፤ ቤት ያለው ሕፃን ነው፣ ራዲዮውንም የሚነካው እሱ ነው።

ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ነጎድጓዱን የሰማ ሰው መብረቁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሽቦውን ለማላቀቅም አትቅረቡ፣ ራዲዮውንም አትንኩ። ከግድግዳው ራቁና ደመናው እስኪያልፍ ጠብቁ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ራዲዮ ይተካል።

ከመስኮቱ ውጭ ሰውና ከብት በማይቆምበት ቦታ አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ ብረት እርጥበት ያለው መሬት ውስጥ ምቱ። ያላቀቃችሁትን የሽቦ ጫፍ እዚያ ላይ አያይዙት። አጠገብ ከሚወድቅ መብረቅ የሚጫነው ኃይል ወደ መሬት የሚሄድበትን መንገድ ያገኛል። ይህ ግን ቤቱን ከመብረቅ የሚጠብቅ መከላከያ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ሽቦውንም ጉብታ ላይ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ጋር አታስሩ። ክረምቱን ራዲዮ ብዙም የማትሰሙ ከሆናችሁ ሽቦውን ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡት የሚጎዳችሁ ነገር የለም፤ እንደገና መወጠር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ቀበሌም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመስመሩ በላይም በታችም ሽቦ አታሳልፉ። የኤሌክትሪክ ምሰሶን ማሰሪያ አታድርጉ። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ምሰሶው ቢወድቅ በየትኛውም አቅጣጫ መስመሩ ላይ የማይደርስበትን ርቀት ምረጡ። አንዴ ከመስመሩ ጋር ከተገናኘ እንጨት ይዘን እናወርደዋለን የምትሉ እንዳትኖሩ፤ ሰዎችን አርቁና ለአገልግሎቱ ባለሙያዎች አስታውቁ።

አንዳንድ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሽቦው የልብስ ማስጫ አይደለም፤ ይህን የምለው ሆኖ ስላየሁት ነው። በሬና አህያ በሚያልፉበት በኩል አይዝለግ። ለሠርግ ዳስ ስትጥሉ መጀመሪያ ሽቦውን አውርዱ። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ማሳ ውስጥም ወንዝ ውስጥም አይጣል፤ ልጆችም አይጫወቱበት።

ድምፁ ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደምታደርጉበትም ትንሽ ልበል። ግንባር ቀደም የተባላችሁት የሰማችሁትን ለሌላው ስለምታደርሱ ነው። በየምሽቱ ሁሉም ሰው ይሰብሰብ አልልም፤ አይሆንምም። የግብርና ዝግጅትና የአየር ትንበያ የሚተላለፍበትን ሰዓት ለይታችሁ ያን ሰዓት የልማት ቡድናችሁ ይስማ። ራዲዮው ወንዶች በሚቀመጡበት መደብ ላይ ብቻ ከሆነ እናቶች ምድጃ ላይ ሆነው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰሙት። ጎተራውንና የጓሮውን አትክልት የሚጠብቁት ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ሽቦውን ስታስገቡ ለምድጃው ቅርብ የሆነውን መስኮት ምረጡ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ቀኑን፣ ጣቢያውንና የተባለውን በደብተር ይያዝ። ሳምንት ሲያልፍ «ራዲዮ እንዲህ ብሏል» የሚል ወሬ ሲነሣ ደብተሩ ይዳኛል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ትንበያ ለሰፊ አካባቢ ነው። ሰሜን ምዕራብ መደበኛ ዝናብ ያገኛል ሲባል ደባርቅ ደጋው፣ የዛሪማ ቆላውና የጃናሞራ ሸንተረር እኩል ይዘንብላቸዋል ማለት አይደለም። የእናንተን ሰማይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ የራዲዮውን ከዚያ ጋር አዛምዱት። ስለ ዋግ ወይም ስለ ተባይ ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ ደግሞ ወዲያው መድኃኒት ለመግዛት አትሩጡ። በመጀመሪያ የራሳችሁን ማሳ በአራቱም ማዕዘንና በመካከል ገብታችሁ እዩ፤ ምልክት ካገኛችሁ ቅጠሉን ይዛችሁ በዚያው ቀን ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ኑ። የራዲዮው ጥቅም ማሳችሁን ከሌላው ሳምንት ቀድማችሁ እንድታዩ ማድረጉ ነው።

ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት በማሠልጠኛ ማዕከሉ ግቢ እንገናኛለን። ለምሰሶው ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ሽቦና ገመድም ተዘጋጅቷል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ከየቡድኑ አንድ ራዲዮ ከአዲስ ባትሪ ድንጋይ ጋር፣ ቢላዋ ወይም ፒንሳ፣ እንዲሁም ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ሞቷል ብላችሁ ቆጥ ላይ ያስቀመጣችሁት ራዲዮ ካለ እሱንም ይዛችሁ ኑ፤ ደጅ አውጥተን እንፈትነዋለን።